እግዜር ያልጣለው ዕጣ

ባለፈው ጥር ከሞጣ ወደ ቢቸና ስንሄድ፣ ጉንደ ወይን ሳንደርስ የተሳፈርንበት ዶልፊን ሚኒባስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ወዲያና ወዲህ ተላግቶ ተላግቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ረዳቱ፣ ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ ነው፣ ወረደና ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ «ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለ። ተሳፋሪውም «ተመስገን ነው፣ ከዚህም የባሰ አለ» እያለ ተከተለው። እኔ ወርጄ ጎማውን አየሁት። ተልጦ ተልጦ የውስጡ ክር ወጥቶ ተንጨፍርሯል። «አንተ፣ በዚህ ጎማ ክሩ እስኪወጣ ድረስ ሲነዳ የከረመው እግዜር ነው?» አልኩት። «እማማ፣ በእግዜር ሥራ አይግቡ እንጂ» ብሎ ሳቀ። አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት ሴትዮ አንገት አንገቴን ያዩ ጀመር፤ ማተብ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ መሰለኝ። ማተቤ አለ። ቅዳሴም አላስታጉልም። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ወደ ላይ ሲወረውር ሳይ ግን ያቅለሸልሸኛል፤ ይሄ አመል ከሆነብኝ ብዙ ዘመኑ ነው።

በዚያን ቀን ደግሞ ይበልጥ አቅለሽልሾኝ ነበር፤ ምክንያቱም ወደ ቢቸና የምሄደው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ታላቅ እህቴ ዘውዴ ደውላ «ጋሼ ይስማው ሊቆርቡ ነው» አለችኝ። ጋሼ ይስማው የእናታችን ወንድም ነው፤ ዘጠናውን አልፎ አልጋ ላይ ውሏል። «የንስሐ አባታቸው ግን ‹ያስቀየምከው ሰው ካለ መጀመሪያ ታረቅ› አሏቸው። እሳቸውም አንቺን ጠሩ። ምን አስቀይመውሽ ነው የሺ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስመጣ እነግርሻለሁ» አልኳት። ቆርጬም ነበር። ሰውየው በገዛ አፉ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» እስኪለኝ ድረስ ይቅር ላልለው፣ ካለኝ በኋላ ደግሞ ለዘውዴ ሁሉንም ልነግራት፤ ይሄን በልቤ ይዤ ነው የተሳፈርኩት። እሱ እስካላለ ድረስ ቁርባኑን አያገኝም። እኔም ይሄን አውቄ፣ መጨከኔን ወድጄው ነበር።

ጎማው እስኪቀየር ዳገቱ ላይ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በልጅነታችን በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሎንቺና የሚሉት አሮጌ አውቶቡስ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ፍየል፣ ዶሮ፣ የቅቤ ቅል፣ አንዳንዴም ሰው ይጫንበታል። ከቢቸና ሞጣ ለመምጣት ያልነጋ ተነስተሽ፣ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አስረሽ፣ አቧራውን በአፍንጫሽ ስትስቢ ትውያለሽ። የዛሬዎቹ ልጆች አስፋልቱ ላይ ሆነው ስልካቸውን እያዩ ይሄዳሉ፣ ደግሞም ያማርራሉ። የቢቸና ቅዳሜ ገበያ እስካሁን በአፍንጫዬ አለ፤ የተነጠረ ቅቤ፣ የጥጃ ቆዳ፣ የላምባ ሽታ፣ የአዲስ አቡጀዲ ስታርች። በስሙኒ ስኳር ተቋጥሮልሽ ትመለሻለሽ። በሁለት ብር ኮንጎ ጫማ ይገዛል፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፣ ቢሆንም ያላደረገው ባደረገው ይቀናል። ከፖሊስ ጣቢያው ጥግ ያለው ጠጅ ቤት ቢቸና ውስጥ ትልቁ ሬዲዮ ነበረው። ማታ ማታ ዘፈን ሲለቁ እኔና ዘውዴ ከአጥራችን ሥር ቆመን ግጥሙን በቃላችን እንይዛለን፤ በማግስቱ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ያንኑ እናንጎራጉራለን። ጎበዞቹ ቴትረን ሱሪ ከላይ አጣብቀው ከታች አስፍተው አሰፍተው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው ከዚያ ጥግ ይቆማሉ። ስንት ዘመን ሆነው፣ አንዳቸውም ዛሬ ፀጉር የላቸውም።

አባታችን በዚያ ዘመን ሞተ። እናታችን ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ዘውዴ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ፣ በአንድ ክፍል ተምረን ሚኒስትሪ አብረን አልፈናል። አባታችን ሳይሞት ከሞጣ ካለ ወዳጁ ጋር ቃል ተገባብቶ ነበር፤ «ከልጆቼ አንዷ ለልጅህ» ብሎ። የትኛዋ እንደሆነች አልተባለም፤ መባልም አያስፈልገውም፤ ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱ አትዳርምና። በዚያው ሰሞን ናዝሬት ያለች የአባታችን ዘመድ «አንዷን ላኩልኝ፣ ድሬሰር ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብላ ላከች። ነገሩ ሁሉ ልክክ ያለ ነበር። ዘውዴ ሞጣ፣ እኔ ናዝሬት። ዘውዴ ትዳር ትፈልግ ነበር፤ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ የትራስ ልብስ ስትጠልፍ፣ ስትተረትር፣ እንደገና ስትጠልፍ ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ብብቴ ሥር እብጠት ወጥቶብኝ የቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ሲያፈርጥልኝ ካየሁ ወዲህ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ የሰው ቁስል ሳጥብ ነበር የሚታየኝ። ሌላውን ልጅ ቁስል ሲያስጠላው እኔን ያስጎመጀኝ ነበር። እንግዲህ ሁለታችንም የምንፈልገው በየእጃችን ሊገባ ነው፤ የቀረው ልብስ ማጠብና ስንቅ ማዘጋጀት ብቻ።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ ይስማው ዕጣ የሚባል ነገር ያመጣው። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነው፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በሰፈራችን ቅርጫ በሚታረድበት ጊዜ ዕጣ የሚያስጥለው እሱ ነው። ቅርጫ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ሥጋው በመደብ ይደለደላል፣ ባለድርሻው ሁሉ ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ገለባ፤ ከዚያ ምልክቱን ሲሰጥ ያላየ አንድ ሰው ከመንገድ ይጠራና እያነሳ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህ ደረሰህ ነው። አጥንት ቢደርስህ ማንም ላይ አታኮርፍም። «የልጆቹም ነገር እንዲሁ ይሁን» አለ ጋሼ ይስማው። «አባታቸው የለም። እኛ ብንወስን ነገ አንዷ ትወቅሰናለች። ሦስት ቀን እንጸልይበት፣ ከዚያ እግዜር ይጣለው።» ታላቂቱ እያለች ታናሺቱን መዳር ሰው ሊለው የማይችል ነገር መሆኑን፣ እግዜር ብቻ ሊለው እንደሚችል ያን ጊዜ አላሰብኩም። እናታችን አንገቷን ደፋች። ዘውዴ «እግዜርማ ካለ እሽ ነው» አለች። እኔም እሽ አልኩ። እግዜር ልቤን የሚያውቅ ስለመሰለኝ ከልቤ ጸለይኩ፤ ያን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጸልዬ አላውቅም።

በቀኑ ሁለት ሙዳይ ተቀመጠ፤ በሩ አጠገብ ያለው የሞጣ፣ ጓዳው አጠገብ ያለው የናዝሬት። የዘውዴ ምልክት ባቄላ፣ የእኔ የጌሾ እንጨት። ጋሼ ይስማው ወደ መንገድ ወጥቶ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ጠርቶ ገባ። ዘሃራ ትባላለች፣ የሞጣ እስላም ነጋዴ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና መጥታ ድሪ፣ መስተዋት፣ የፀጉር ቅባት ትሸጣለች። «እሷ ከማንም ወገን አይደለችም፣ ሃይማኖቷም ሌላ፣ አገሯም ሌላ፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ እጅ ከየት ይመጣል?» አለ። ሁላችንም ልክ ነው አልን። ዘሃራ ሻሿን አስተካክላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ምልክቶቹን ከጋሼ ይስማው መዳፍ አነሳች። እንጨቱን በሩ አጠገብ ካለው ሙዳይ ጣለችው። ባቄላው ጓዳው አጠገብ ገባ። እናቴ ዘፍ ብላ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ፊቷን አንገቴ ሥር አስገብታ አቀፈችኝና «የፈጣሪ ፈቃድ ነው ልጄ፣ ምን እናደርጋለን» አለችኝ። እንባዋ ደረቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ስለ እኔ ያን ያህል ማልቀሷን ሳይ የራሴን ዋጥ አድርጌ እሷን ሳባብል ዋልኩ።

ዘውዴ የጠለፈችውን የትራስ ልብስ በሙሉ አጣጥፋ ሰጠችኝ። አንዱን እንኳ አላስቀረችም። እሷ ዓባይን ተሻግራ ሄደች፣ እኔ በሎንቺና ሞጣ ሄድኩ። ባሌን ሙሉነህን መጀመሪያ ያየሁት በሠርጌ ቀን ነው፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ጣቱ በመርፌ የተወጋጋ። ከሞጣ ገበያ አጠገብ ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ነበረው። የባላገሩን ቁምጣ፣ የመምህራኑን ካኪ ኮት፣ የኮረዳውን ቀሚስ ይሰፋል። ቤልቦተም የመጣ ጊዜ የቄስ ልጆች በድብቅ እያመጡ የአባታቸውን ሱሪ ያሰፉት ነበር፤ የተተረተረ ሱሪ ይዘው የመጡ አባቶችን ስድብ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሙሉነህ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጆች ወለድን፣ አሳደግን፣ በቅርቡ በወጉ ቀበርኩት። ሰዎች ይሄን ያነሱብኛል። «አየሽ፣ እግዜር ያውቅ ነበር፣ እንዲህ ያለ ባል ሰጠሽ» ይሉኛል። በጣም የሚያንገሸግሸኝ ይሄ ነው። ሙሉነህ ጥሩ ሰው የሆነው ሙሉነህ ስለሆነ ነው። ዕጣው ስለተጭበረበረ አይደለም።

መጭበርበሩን የነገረችኝ ራሷ ዘሃራ ናት። ሞጣ ላይ ጎረቤት ሆነን ነበር፤ የእኔ ልጆች በእሷ ቤት፣ የእሷ ልጆች በእኔ ቤት ያድጉ ነበር። ሁለተኛዋን ልጄን የወለድኩ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ለአራስ የሚሆን ገንፎ በቅቤ ሠርታ ይዛ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ስትጫወት «ያኔ እናንተ ቤት ያስጣላችሁኝ ምን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ አላወቅሁም የሺ! አጎትሽ መንገድ ላይ ‹እንጨቱን በሩ አጠገብ ጣይልኝ፣ ጨዋታ ነው› ብሎኝ ነው። እኔ የልጆች ቀልድ መስሎኝ» አለች። ከዚያም ስታለቅስ ማባበል የእኔ ሥራ ሆነ። በሕይወቴ ውስጥ ሰው በእኔ ነገር ሲያለቅስ አባባይዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ዘሃራን ተቀይሜያት አላውቅም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ወዳጄ ነበረች።

ጋሼ ይስማውን ግን ተቀየምኩት፣ ተጸየፍኩትም። ገና ለገና እኔን ስለጎዳ አይደለም። ወንድ ልጅ ነው፣ የቤቱ ራስ ነው፤ «አንቺ ሞጣ ትሄጃለሽ» ቢለኝ እሄድ ነበር፣ ተቆጥቼም ቢሆን። የራሱን ፈቃድ በራሱ ድምፅ መናገር አቃተው፣ የእግዜርን ድምፅ ተዋሰ፤ ሦስት ቀን አስጾመን፣ አሰገደን፣ ከዚያ እኛ በጉልበታችን ስንለምን መልሱን እሱ በመዳፉ ይዞ ቆመ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አባታችን ሆይ ስደግም «ፈቃድህ ትሁን» ከምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰናከላል። የማን ፈቃድ? እላለሁ። ስንቱ ሰው ይቺን ቃል ሲል የራሱን ለእግዜር ያስረክባል፣ ስንቱስ የራሱን በእግዜር ስም ያጸድቃል? መሬት የሚቀማ ሰው «እግዜር ሰጠኝ» ሲል፣ የከተማው ሹም ቧንቧው ዓመት ሙሉ ሲደርቅ «እግዜር ሲፈቅድ» ሲል፣ ሚስቱን የመታ ባል «እግዜር ለትዕግሥት ፈጥሯታል» ሲል እሰማለሁ። በተሰማኝ ቁጥር የጋሼ ይስማው መዳፍ ትታየኛለች። እግዜርን እፈራዋለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ለዚህ ነው በእሱ ስም ሲነገድ የሚያመኝ።

ዘውዴ ደግሞ፣ እሷ ሌላ ናት። ድሬሰር ሆነች፤ ያልፈለገችውን ተምራ፣ የማትወደውን ደም እያየች፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየተዛወረች አረጀች። ባል አላገባችም። ጡረታ ስትወጣ ቢቸና ተመልሳ ጋሼ ይስማውን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ስንገናኝ ሁሌም የምትለኝ አንድ ነው፦ «እኔን እኮ እግዜር ነው የመረጠኝ የሺ። ሌላው ሰው በዘመድ፣ በገንዘብ ይማራል። እኔ በዕጣ ነው። ባል ባይኖረኝም፣ ልጅ ባይኖረኝም፣ የተመረጥኩበት ሥራ ነበር።» ይሄን ስትል ጥርሴን እነክሳለሁ። የዘሃራን ነገር ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤ አንዴ ለቅሶ ላይ ሆነን፣ አንዴ ልጄ ታሞ፣ አንዴ እንዲሁ። አሁን ግን ይበቃል ብዬ ነው የተነሳሁት። ያረጀን ሰዎች ነን። እውነት ይድረሳት።

ቢቸና ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ባጃጅ ተሳፍሬ በዚያ በጠጅ ቤቱ ጥግ አለፍኩ፤ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ ከፊቱ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ የማይያዝ ግጥም ይጮህበታል። ዘውዴ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ተሳሳምን። «ቄሱን ልጠራቸው ልሂድ፣ ከተስማማችሁ ጠዋት ያቆርቧቸዋል። አንቺ ግቢ፣ እየጠበቁሽ ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ገባሁ። ያ ከሩቅ የሚሰማ ሰው አልጋው ላይ አጥንት ብቻ ሆኖ ተኝቷል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ነጭ ነው፤ የዘውዴ እጅ ነው። እግሩን ሳምኩት፣ ለደንቡ።

«መጣሽ የሺ» አለኝ።

«መጣሁ ጋሼ። እንዴት ሰነበቱ?»

«አለሁ፣ ለመሄድ ነው። ነይ ቁጭ በይ። ያ ነገር... ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ዘሃራ ነገረችኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ፣ ልክ እንደፈራሁት፣ «የእግዜር ፈቃድ ነበር ልጄ። ይሄው ጥሩ ባል አገኘሽ፣ ወለድሽ ከበድሽ። እግዜር በእኔ እጅ አደረገው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ዘጠና ዓመት ኖሮ፣ ቁርባን አፋፍ ላይ ተኝቶ፣ አሁንም! «ጋሼ፣» አልኩት፣ «እኔ ከሞጣ ድረስ የመጣሁት ይሄን ለመስማት አይደለም። እንጨቱን በሩ አጠገብ ያስጣሉት እርስዎ ነዎት። እግዜር መንገድ ላይ ወጥቶ ዘሃራን አላናገራትም። ‹እኔ ነኝ› ይበሉ። አንድ ቃል ናት። ይበሉና እዚሁ ይቅር እልዎታለሁ። ካላሉ ግን ማርያምን፣ ቄሱ ሲመጡ ‹አልታረቅንም› ብዬ እወጣለሁ።»

«ልጄ...»

«አይ። ልጄ አይበሉኝ።»

«እንዴት እንዲህ ትጨክኚያለሽ? ልሞት ነው እኮ።»

«እርስዎስ እኛን ሦስት ቀን ሲያሰግዱን አልጨከኑም?»

ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ውሃ አንስቼ አጠጣሁት፤ ጭካኔዬ እዚህ ድረስ አልደረሰም። ጉንጩን በእጅጌዬ ጠረግሁለት። «እሽ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ዘሃራን ያናገርኳት። ይሄው አልኩልሽ። በቃሽ?»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት ቃል ነበረች። ስትመጣ ቀላል ሆነችብኝ፣ ከልቤ ላይ ምንም ሸክም አልወረደልኝም። «ለምን?» አልኩት። «ምን በድዬዎት ነበር? ታላቂቱ ትዳር ብትሉ ደንቡ ነው፣ ማንም አይጠይቃችሁም ነበር። ለምን ነገሩን ገለበጡት?»

«እኔማ ደንቡ ይጠበቅ ነበር ያልኩት» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እናትሽ ናት፣ ነፍሷን ይማር። የሴትየዋ መልእክት ከናዝሬት የመጣ ዕለት ማታ ከቤቴ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። እንዲያ ወድቃ አይቻት አላውቅም። ‹የሺን ዓባይ ማዶ አልልክም፣ እሞታለሁ። ሞጣ ብትሆን በሳምንት አያታለሁ› አለች። ‹ታላቂቱስ?› አልኳት። ‹ዘውዴን ዓባይ ይውሰዳት፣ ያን እችላለሁ› አለችኝ። እንዲህ ብላ አለችኝ የሺ። ልጆቿን በሚዛን አስቀምጣ... እኔ ይሄን ለማን ልናገር? ለአንቺ? ለእሷ? ዕጣውን ያመጣሁት ለዚህ ነው። እግዜር ነው ያልኩት እናትሽን እንዳልል ነው። እግዜር ይችለዋል ብዬ።»

ምን እንደተሰማኝ በቅጡ መናገር አልችልም። መጀመሪያ የመጣብኝ ያ እንባ ነው፤ ደረቴ ላይ የወረደው፣ ዘፍ ብላ ተቀምጣ ያለቀሰችው። ለእኔ አዝና መስሎኝ ሳባብላት የዋልኩት። ለካ ደስ ብሏት ነበር። ወይም አፍራ ነበር። ወይም ሁለቱም። እናቴን በሕይወቴ ሙሉ ከማንም አብልጬ ስወድ ነው የኖርኩት፤ ያን ቀን ግን በዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ሆኜ ተጸየፍኳት። በጣም የተጸየፍኩት ደግሞ ፍቅሯን ነው፣ እኔን የመረጠችበትን፣ ዘውዴን የሰጠችበትን። እኔ ናዝሬትን አጣሁ፣ ግን ተፈልጌ ነው ያጣሁት። ዘውዴ ባል አጣች፣ ልጅ አጣች፣ የጠለፈችውን ትራስ አጣች፣ ማንም ሳይሳሳላት።

«ዘውዴ ታውቃለች?» አልኩት።

«እግዜር መርጦኛል ብላ ነው የምትኖር» አለ። «በየቀኑ እያጠበችኝ ትነግረኛለች። እኔ በየቀኑ እሰማታለሁ።»

ከውጭ የቄሱ ሳል ተሰማ። ዘውዴ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው፤ አጎንብሼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ አተኩረው የሚያዩ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው እኔንና ጋሼ ይስማውን በየተራ አዩን። «እህ፣ ተነጋገራችሁ?» አሉ። «ምን ነበር በመካከላችሁ? ቅያሜው ካልተነገረ አይፈታም። እሳቸው ሲጠየቁ ‹እሷ ትናገር› ነው የሚሉት።»

ዘውዴ ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። ነጠላዋ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። ዕድሜ ልኳን ሰው ስትወጋ፣ ስታሽግ የኖረችበትን እጇን የጋሼ ይስማው ትራስ ላይ አሳርፋ እኔን ታያለች። «ንገሪን እንጂ የሺ፣ ስመጣ እነግርሻለሁ አላልሽም?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም። የምነግራት ነገር ልትሸከመው የምትችል ነገር መሆኑን እርግጠኛ ናት። ጋሼ ይስማው ዓይኑን ጨፍኗል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ እየጸለየ ይሁን እየለመነኝ እንጃ።

ከሞጣ ይዤው የመጣሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። እውነቱ ሦስት ቃል አይሞላም። አየኋት፣ አየኋት።

«የዕጣው ነገር ነው አባ» አልኩ። «ትምህርት ቤት ሳልሄድ የቀረሁበት። እሳቸው አስጥለውት ስለነበር ቂም ይዤባቸው ኖርኩ። ምንም አላጠፉም። የእግዜር ፈቃድ ነበር።»

«አዬ፣ ይሄን ነው!» አለች ዘውዴ፣ ፊቷ በራ። «ይሄን ሁሉ ዘመን! እኔስ ሁሌም የምልሽ ይሄንኑ አይደል እንዴ?» መጥታ አቀፈችኝ። ቄሱ አተኩረው አዩኝ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። መስቀሉን ከጋሼ ይስማው ግንባር ላይ አኖሩ። «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። ሽማግሌው እንባው በጆሮው በኩል ወደ ነጩ ትራስ ወረደ።

እኔ ወጥቼ ጓሮ ሄድኩ። ከበርሜሉ በጣሳ ውሃ ቀድቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ተፋሁ፣ ደግሜ ቀዳሁ፣ ደግሜ ተጉመጠመጥኩ። ዘውዴ ከኋላዬ መጥታ ጀርባዬን ትመታኝ ጀመር፣ ሕመምተኛ እንደለመደ ሰው በስሱ። «ምን ሆንሽ የኔ ዓለም? አመመሽ?» አለችኝ።

«መንገዱ ነው እታለም» አልኳት። «አቅለሸለሸኝ።»